«ምጡ ሲጀምረኝ ደሴ ልውጣ ወይስ እዚሁ ኮምቦልቻ ልሁን?»

ደብዳቤው

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። ኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ክትትሌን አላቋረጥኩም። ሁሉም ደህና ነው፣ የልጁም ጭንቅላት ወደ ታች ነው ብለውኛል። የሚያስጨንቀኝ ምጡ ነው። ጎረቤቴ ሌሊት ምጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ብትሄድ ‹ገና 2 ሴንቲ ነው፣ ቤትሽ ሄደሽ ጠብቂ› ብለው መለሷት። እያለቀሰች ተመለሰች። የወለደችው በማግሥቱ ማታ ነው። እናቴ ያለችው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ‹ምጡ እንደጀመረሽ መኪና ይዘሽ ነይ፤ ከመጀመሪያው ካልገፋሽ ልጁ ይታፈናል፤ ተልባም ጠጪ› ትለኛለች። ወዳጃ ተቀምጣ ዱዓ እያስደረገችልኝ ነው። እኔ ግን ፈርቻለሁ። ውስጤ ምን እንደሚሆን እንኳ ማንም አልነገረኝም። መቼ ነው መሄድ ያለብኝ? የት ልውለድ? እናቴስ አብራኝ መግባት ትችላለች?»

ዘ. ከኮምቦልቻ

መልስ

ውድ እህቴ፣ ከጻፍሽው ሁሉ ልቤን የነካው «ማንም አልነገረኝም» ያልሽው ነው። ክትትል ላይ ግፊት ይለካል፣ ደምና ሽንት ይመረመራል፣ የልጁ የልብ ትርታ ይደመጣል። ስለ ምጡ ቁጭ ብሎ ለማስረዳት ግን ሰልፉ ጊዜ አይሰጥም። ሴቷም ሳትጠይቅ ትወጣለች። ከዚያ የምትሰማው የጎረቤት ወሬ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ። ምጡ በየሰዓቱ ምን እየሠራ እንደሆነ ካወቅሽ መቼ መታገሥ፣ መቼ መሄድ፣ መቼ መግፋት እንዳለብሽ ራስሽ ትለዪዋለሽ።

ከጎረቤትሽ ልነሣ። ማህፀን ጡንቻ ነው። ላይኛው ክፍሉ ወፍራም ነው፣ ታችኛው ስስ ነው። ከታች የማህፀን በር አለ። ይህ በር በእርግዝናው ወራት ጠንካራ፣ ድፍን፣ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር የሚረዝም ነው። ወደ መጨረሻው ይለሰልሳል። ምጥ ሲመጣ የላይኛው ጡንቻ ያጥራል። የክንድሽ ጡንቻ ሲፈታ ወደ ነበረበት ርዝመት ይመለሳል። የማህፀን ጡንቻ ግን እንዲህ አይደለም፤ ካጠረ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። እያንዳንዱ ምጥ ትንሽ አሳጥሮት ያልፋል። ላይኛው እየወፈረ፣ ታችኛው እየሳሳ ወደ ላይ ይሳባል። በሩም አብሮ ይሳባል። በመጀመሪያ ልጅ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሩ መጀመሪያ ያጥራል፣ ይሳሳል፤ በደንብ መከፈት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ ጎረቤትሽን አስቢያት። 2 ሴንቲ ተባለች፤ በሩ የተከፈተው ያን ያህል ነው ማለት ነው። ያን ሌሊት ግን ማህፀኗ ሥራ አልፈታም። ያ ሁሉ ቁርጠት ወፍራሙን በር ሲያሳሳው አድሮ ሊሆን ይችላል። ይህ ሥራ በሴንቲሜትር አይቆጠርም፣ ግን ያለ እሱ በሩ አይከፈትም። «ገና ነው» ሲባል ምንም አልሠራሽም የተባለች መሰላት። ያስለቀሳትም ይኼ ይመስለኛል።

መመለሷ ስህተት ላይሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ጠንከር ያለው ምጥ የሚጀምረው በሩ 5 ሴንቲሜትር ሲደርስ ነው ይላል። ከዚያ በፊት ላለው ዘገምተኛ ክፍል የተወሰነ ሰዓት የለም። ለአንዷ ጥቂት ሰዓት ነው፣ ለሌላዋ አንድ ቀንና ከዚያም በላይ። በዚህ ጊዜ አልጋ የያዘች ሴት ብዙ ጊዜ «ዘገየች» ተብላ ሳያስፈልጋት የምጥ ማፋጠኛ መድኃኒት ይሰጣታል። ለዚህ ነው እናትም ልጅም ደህና ከሆኑ ቤት መጠበቅ የሚመከረው። ሳያስረዱ መመለስ ግን ልክ አይደለም። በሌሊት፣ መኪና በሌለበት፣ ሩቅ ለምትኖር ሴት ደግሞ ጭራሽ ልክ አይደለም። አንቺም እንዲህ ቢገጥምሽ ዝም ብለሽ አትውጪ። «በሩ ምን ያህል ሳስቷል? የልጄ ትርታ ስንት ነው? ምን ምልክት ሳይ ልመለስ?» ብለሽ ጠይቂ። ቤትሽ ሩቅ ከሆነ ግቢው ውስጥ ልቆይ በያቸው።

ዘገምተኛው ክፍል እንዴት እንደሚሰማ ልንገርሽ። የወር አበባ ቁርጠት ይመስላል። ከወገብ ተነሥቶ ወደ እምብርት በታች ይዞራል። አንዴ በ20 ደቂቃ፣ አንዴ በ10 ደቂቃ ይመጣል፤ ደግሞ ይጠፋል። ደም የነካው ወፈር ያለ ንፍጥ ልታዪ ትችያለሽ። በሩን ዘግቶት የኖረው ነው፣ አያስደንግጥሽ። ብዙ የሆነ፣ እንደ ወር አበባ የሚፈስ ደም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ወዲያው ያስኬዳል። ስትተኚ ወይም ስትራመጂ የሚጠፋ፣ እየጠነከረ የማይሄድ ከሆነ የውሸት ምጥ ነው። በዚህ ሰዓት ብዪ። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ሙዝ፣ የሚቀልሽን ሁሉ። የኮምቦልቻ ሙቀት ያደርቅሻልና ውሃ ጠጪ። ከቻልሽ ተኚ። በመጀመሪያው ቁርጠት ቤቱን ሁሉ ማስነሣትና ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ማደር ጉልበትን ይበላል። ያ ጉልበት በኋላ ያስፈልግሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። ምጥን የሚያንቀሳቅሰው ኦክሲቶሲን የሚባል ንጥረ ነገር ከጭንቅላታችን ሥር ካለች ትንሽ እጢ ይመነጫል። የልጁ ጭንቅላት በሩን ሲጫን መልእክቱ ወደ አንጎል ይሄዳል፣ አንጎልም ሌላ ኦክሲቶሲን ይለቃል፣ ምጡም ይበረታል። ምጥ እየሄደ የሚጠነክረው በዚህ ነው። ድንጋጤና ፍርሃት የሚለቁት አድሬናሊን ደግሞ ይህን ዑደት ሊያዘገየው ይችላል። ጩኸት፣ ግልምጫ፣ ብቻን መተው፣ እነዚህ ሁሉ አካል ውስጥ ይገባሉ። ሴት በምጥ ጊዜ በክብር ትያዝ የምንለው ለጨዋነት ብቻ ብለን አይደለም። አካሏ ሥራውን እንዲሠራም ነው።

በሁለት ምጥ መካከል ያለው እረፍትም ትልቅ ነገር ነው። ማህፀን ሲጨመቅ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ሲፈታ ተመልሶ ይሞላል፣ ልጁም ኦክስጅኑን ያገኛል። እረፍቱ ለአንቺም ለልጅሽም ነው። ስለዚህ ምጡ ሲለቅሽ ትከሻሽን ልቀቂ፣ ቀጣዩን አትጠብቂ፣ በቃ እረፊ። ምጥ ለማፋጠን ቅጠል ቀቅሎ መጠጣትን እምቢ የምልሽም ለዚህ ነው። ማህፀኑን ያለ እረፍት ከጨመቀው ልጁ ይጎዳል። ማህፀን ሊቀደድም ይችላል።

መቼ ልሂድ? ምጡ አልጠፋ ሲል፣ እየተቀራረበ በየ5 ደቂቃው ሲመጣ፣ እያንዳንዱ ወደ አንድ ደቂቃ ሲጠጋ፣ ምጡ በያዘሽ ቅጽበት ማውራት ሲያቅትሽ ሂጂ። ይህ ጤና ጣቢያው ቅርብ ለሆነ ሰው ነው። ሌሊት ባጃጅ የማይገኝበት ሰፈር ከሆንሽ ቀደም በይ። የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ሂጂ። ቀለሙን እዪ፤ ንጹሕ ከሆነ ጥሩ ነው፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ልጁ እዚያው ሰገራ ለቋልና አትዘግዪ። ገና 37 ሳምንት ሳይሞላሽ ቁርጠት ከጀመረሽ ደግሞ ቤት መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ሰዓት ሳትቆጥሪ ሂጂ። የአምቡላንሱን ስልክ አሁኑኑ ከጤና ጣቢያው ጠይቀሽ አንቺም ባልሽም ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ከ5 ሴንቲ በኋላ ሁኔታው ይለወጣል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይመጣል። አዋላጇ የልጁን ትርታ በየ15 እና በየ30 ደቂቃው መካከል እየለካች ትጽፋለች፤ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ከሆነ ደህና ነው። በሩ በሰዓት 1 ሴንቲ መክፈት አለበት የሚል የቆየ ልማድ አለ። ብዙ ጤነኛ ሴቶች ከዚያ ቀስ ብለው እንደሚከፍቱ አሁን ታውቋል። የመጀመሪያ ልጅ ከሆነ ከ5 ሴንቲ እስከ ሙሉ መከፈት ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሰዓት አያልፍም። ይህን ጊዜ በጀርባሽ ተንጋለሽ አታሳልፊው። በጀርባ ስትተኚ ማህፀኑ ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፤ ያዞርሻል፣ ለልጁም የሚደርሰው ደም ያንሳል። ተራመጂ፣ ግድግዳ ተደገፊ፣ ተንበርከኪ፣ ስትደክሚ በግራ ጎንሽ ተኚ። ሽንትሽን ቶሎ ቶሎ ሽኚ፤ የሞላ ፊኛ የልጁን መንገድ ያጠባል።

ወደ 8 ሴንቲ ሲጠጋ ብዙ ሴት ተስፋ ትቆርጣለች። ትንቀጠቀጫለሽ፣ ሊያስመልስሽ ይችላል፣ «ከዚህ በላይ አልችልም» ትያለሽ። እህቴ፣ ያን ቃል ስትናገሪ አብዛኛው መንገድ አልቋል። ይህ ክፍል ከባድ ነው፣ ግን አጭር ነው። አዋላጇ «በርቺ፣ ደርሰሻል» ስትልሽ ልታጽናናሽ ብቻ አይደለም፤ እውነቷን ነው።

አሁን ወደ እናትሽ ልምጣ። እናትሽ የሚሉት ከፍቅር ነው፣ እሳቸውም ከእናታቸው የሰሙት ነው። ከመጀመሪያው መግፋት ግን ይጎዳል። አፉ የታሰረ ጆንያ ከታች ቢገፉት እህሉ አይወጣም፤ መጀመሪያ ገመዱ ይፈታ። በሩ ሳይከፈት ብትገፊ በሩ ያብጣል፣ መከፈቱም ይዘገያል፣ ጉልበትሽም ያልቃል። ልጁ ይታፈናል ለሚሉትም መልስ አለኝ። ልጅሽ ገና በሳንባው አይተነፍስም፤ ሳንባው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው። ኦክስጅኑ በእትብቱ በኩል ይደርሰዋል። አንቺ ስለታገሥሽ አይታፈንም። ባለሙያዎቹ «ፉል ሆነች» ሲሉ፣ ማለትም በሩ 10 ሴንቲ ሲሞላ፣ የመግፋቱ ስሜት ራሱ ይመጣል። ሰገራ የመጣብሽ ይመስልሻል። ያን ጊዜ ግፊ።

በዚህ ሁለተኛው ክፍል ልጁም ዝም ብሎ አይገፋም። አገጩን ደረቱ ላይ ያስጠጋል፣ ጠባቡ የጭንቅላቱ ክፍል ቀድሞ እንዲገባ። ከዚያ ከዳሌሽ አጥንት ቅርፅ ጋር እየተስማማ ይዞራል፤ ፊቱ ወደ ጀርባሽ ይሆናል። የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና አልተጣበቁምና ትንሽ እየተደራረቡ ያልፋሉ። ስትወልጂ ጭንቅላቱ ሾጠጥ ብሎ ብታዪው አትደንግጪ፤ በቀናት ውስጥ ይስተካከላል። ለመጀመሪያ ልጅ ይህ እስከ 3 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ትንፋሽሽን ለረጅም ጊዜ ይዘሽ ፊትሽ እስኪቀላ መግፋት አይጠበቅብሽም፤ ስሜቱ ሲመጣ ግፊ፣ ሲሄድ አቁሚ። ጭንቅላቱ ብቅ ሲል ያቃጥልሻል። ያን ጊዜ አዋላጇ «አትግፊ፣ ቶሎ ቶሎ ተንፍሺ» ትልሻለች። ስሚያት፤ ቀስ ብሎ ሲወጣ መቀደዱ ይቀንሳል። ሆድሽን ከላይ የሚጫን ሰው ካለ አቁም በይ። የብልትን አፍ በመቀስ መሰንጠቅም ለሁሉም ሴት የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ምክንያት ሲኖር ብቻ ነው።

ተልባው? ተልባ ወደ ጨጓራ ነው የሚሄደው። ማህፀን ጋ አይደርስም፣ ልጁንም አያንሸራትተውም። ጥቂት ብትጠጪ አልቆጣሽም። ሆድ በቅቤ አጥብቆ ማሸቱን ግን አልቀበልም። እንግዴ ልጁ ያለ ጊዜው ሊላቀቅ ይችላል።

ልጁ ሲወጣ ሁሉም ሰው እፎይ ይላል፤ ዓይን ሁሉ ወደ ልጁ ይሄዳል። እኔ ግን እናቲቱን የምፈራላት ያን ጊዜ ነው። በዓለም ላይ እናቶችን በብዛት ከሚገድሉት ነገሮች ዋናው ደም መፍሰስ ነው፣ አብዛኛውም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሰዓታት ይመጣል። አካላችን ሥራውን በደንብ ሲሠራ ደግሞ ድንቅ ነው። ልጁ ከወጣ በኋላ ማህፀኑ በድንገት ያንሳል፤ እንግዴ ልጁ ግን አያንስምና ይላቀቃል። ተጣብቆ በነበረበት ቦታ ክፍት የደም ሥሮች ይቀራሉ። በማህፀኑ ግድግዳ ላይ እርስ በርስ የተጠላለፉ ጡንቻዎች አሉ፤ እነሱ ሲኮማተሩ ሥሮቹን አንቀው ደሙን ያቆሙታል። ማህፀኑ ከላላ ግን ደሙ ይፈሳል። በጤና ተቋም ልጁ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጭንሽ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን የሚወጋሽ ለዚህ ነው። ቤት መውለድን አጥብቄ የምቃወምበት አንዱ ምክንያት ይህ መርፌ ነው። እንግዴ ልጁ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል። እትብቱ ወዲያው ባይቆረጥ፣ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቢጠበቅ፣ ለልጁ ተጨማሪ ደም ይደርሰዋል። ልጁ ሳይታጠብ ደረትሽ ላይ ይደረግ፤ ገላውን ማጠቡ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይቆይ። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት አጥቢው። እንገሩን አታስደፊ፣ ቅቤም ስኳር ውሃም አታስቀምሺው። ሲጠባ ሆድሽን ይቆርጥሻል፤ ማህፀንሽ እየተኮማተረ ነውና ደስ ይበልሽ። ደህና ብትሆኚም ቢያንስ 24 ሰዓት እዚያው ቆዪ።

ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ? ምጥ ይዞሽ ወደ ደሴ አትውጪ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም አቀበትና ጠመዝማዛ ነው። በሌሊት፣ ያለ ባለሙያ፣ ሀረጎ ዳገት ላይ መውለድ አልመኝልሽም። ደሴ መውለድ ከፈለግሽ ከምጡ ሳምንታት ቀድመሽ ወጥተሽ እናትሽ ቤት ተቀመጪ፣ የክትትል ካርድሽንም ይዘሽ እዚያው ካለ ጤና ጣቢያ ተመዝገቢ። ለዚህ ጊዜ አለሽ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከነክፍያው ፈቃድ ይሰጥሻል፤ ለባልሽም 3 ቀን። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የምመርጥልሽ እናትሽ ወደ ኮምቦልቻ ቢወርዱ ነው። እርግዝናሽ ደህና ነው፣ ልጁም ተስተካክሏል፣ ጤና ጣቢያው ታሪክሽን ያውቃል። አገልግሎቱም ያለ ክፍያ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ቢመጣ በአምቡላንስ፣ ባለሙያ አብሮሽ፣ ወደ ሆስፒታል ይልክሻል። በባጃጅ ብቻሽን ከመሄድ በጣም ይለያል።

እናትሽ አብረውሽ መግባታቸውን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሴቷ የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ ሁሉ አጠገቧ እንዲሆን ይመክራል። የምትተማመንበት ሰው አጠገቧ ያለች ሴት ምጧ ያጥራል፣ በራሷ የመውለድ ዕድሏም ይጨምራል። ክፍሉ ጠባብ ሲሆን ወይም ሌሎች እናቶች ሲኖሩ የሚከለክሉ ቦታዎች አሉ። በዚያ ሰዓት ከመከራከር አሁን አስቀድመሽ ጠይቂ። ለእናትሽም ሥራ ስጫቸው። ወገብሽን ይሹልሽ፣ ውሃ ያጠጡሽ፣ ዱዓቸውን ያድርጉ፤ «ግፊ» ማለቱን ግን ለአዋላጇ ይተዉላት። በሚቀጥለው የክትትል ቀንሽ ይዘሻቸው ሂጂ። የማዋለጃ ክፍሉን ይዩት፣ ያልገባቸውንም ራሳቸው ይጠይቁ።